አባቴ ያልተሳፈረባት ጀልባ

ጎርጎራ ወደብ ላይ ቆመን ጀልባዋ ጭነቷን እስክትጨርስ ስንጠብቅ፣ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ እያራሰች ፊቴን ትወለውለኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሸሻት ነበር፤ ያን ዕለት ግን ዝም አልኳት። አባቴን ልናመጣ እየሄድን ስለነበር ንጹሕ ፊት ያስፈልገኝ ነበር።

አባቴን ልናመጣ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ራሴ ነኝ ያወቅሁት። እናቴ አባይነሽ በኅዳር፣ ታጭዶ ያልተከመረ ጤፍ እያለ፣ ሥራውን ለወንድሟ ለአያ ሰውአገኝ ትታ ተነሳች። ክረምቱን ሙሉ የፈተለችውንና ሸማኔ ሠርቶ ያመጣላትን ጋቢ በአንሶላ ጠቀለለች። ለእኔም ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ አዲስ ቀሚስ ገዛችልኝ። ሰው ለሌላ ለምን ነገር ይህን ሁሉ ያደርጋል? አባቴ ጋቢውን ለብሶ፣ እኔ በአዲሱ ቀሚሴ እጁን ይዤ ከአውቶቡስ ስንወርድ፣ የጎረቤት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ሲያዩን በሐሳቤ አይቼ ጨርሻለሁ።

ያኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። ስለ አባቴ የማውቀው፣ ስሙ ሙሉሰው መሆኑንና ጎንደር ከተማ ትልቅ ግቢ የሚጠብቅ ሰው መሆኑን ነው። እናቴ አንዳንድ እሑድ ዳቦ ጋግራ በአገልግል ይዛ ወደዚያ ትወስደኝ ነበር። በሩ ላይ ብዙ ሰው ይሰለፋል። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አገልግሉን ከፍተው ያያሉ። ከዚያ አባቴ ከውስጥ ይመጣና በሽቦው ቀዳዳ ጣቶቹን ያወጣልኛል፤ እኔም እይዛቸዋለሁ። ጠመንጃ የያዙትን ሰዎች የእሱ ሠራተኞች አድርጌ ነበር የማያቸው። ግቢው እንዳይዘረፍ ሌት ተቀን እዚያው እንደሚያድር፣ ከእሱ በቀር የሚታመን ሰው ስለሌለ ለእንቁጣጣሽ እንኳ ፈቃድ እንደማይሰጡት ለልጆች ሁሉ አወራሁ። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ምን እንደሰሙ ዛሬ አስባለሁ። አንዳቸውም አልሳቁብኝም።

ግቢው ወህኒ ቤት ነው። እኔ ገና በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ሳለሁ፣ አባቴ በእርሻ ድንበር ጠብ ምናለ የሚባል ጎረቤታችንን በዱላ መትቶ ገደለው። ፍርድ ቤት ፈረደበት፤ የተፈረደበትን ጨረሰ። ግን በእኛ አገር መንግሥት የሚጨርሰው የመንግሥትን ነው። የሟች ወገን በሽማግሌ ታርቆ ደሙ እስኪደርቅ ድረስ ገዳይ ወደ ቀዬው አይመለስም፤ ከተመለሰም አያድርም። የምናለ ወንድም ደመቀ ደግሞ እርቅ የሚባል ነገር በጆሮው እንዲገባ አልፈለገም። ስለዚህ አባቴ ከወህኒ በወጣ ቀን ሽቅብ ወደ ወገራ ሳይሆን ቁልቁል ወደ ጣና ሄደ። እዚያ ካሉት ትንንሽ ደሴቶች በአንዱ፣ በገዳም ውስጥ፣ እንጨት እየፈለጠና ውሃ እየቀዳ ለመነኮሳቱ ያገለግል ጀመር።

ለእኔ የተነገረኝ፣ አባትሽ ሥራ ቀየረ፣ አሁን ውሃ መሐል ነው የሚሠራው፣ የሚል ነው። ከግቢ ጠባቂነት ወደ ሐይቅ ጠባቂነት ከፍ ብሏል አልኩ ለልጆቹ።

አያ ሰውአገኝ እስከ ጎንደር መናኸሪያ ሸኝቶን ቀረ። ለምን አብሮን እንደማይሄድ ስጠይቀው ውሃ እፈራለሁ አለኝ። ያን ትልቅ ሰው፣ ጅብ ያባረረውን፣ ውሃ ሲያስፈራው ገረመኝና ለብዙ ዓመት ስቀልድበት ኖርኩ። እሱም እየሳቀ ያልፈዋል። አያ ሰውአገኝ ውሃ አይፈራም። ወንድ ዘመድ ወዴት እንደሚሄድ ዓይን ይከተለዋል፤ ልጇን ይዛ የምትሄድ ሴት ግን ተሳላሚ ትመስላለች። ደመቀ የአባቴን መሸሸጊያ በእኛ እግር እንዳያገኘው ነበር የቀረው።

ጀልባዋ የብረት ናት፤ ቀለሟ ተልጦ ዝገቷ ወጥቷል። የሞተሩ ጭስ ከታች ይመጣል፤ ከላይ የጤፍ ከረጢት፣ የቢራ ሳጥን፣ የታሰሩ በጎችና አንድ አዲስ ፍራሽ ተጭኗል። ፍራሹ የሙሽሮች ነው አሉ። እኔ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩና ከጎኔ ነጠላዬን አጥፌ ዘርግቼ ቦታ ያዝኩ። ለአባቴ ነው። ስንመለስ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል ብዬ ሰግቼ፣ ስንሄድም አብሮን እየሄደ እንዲመስለኝ ፈልጌ። እናቴ አየችኝ። ለሰው ቦታ ሲጠብም አንሽው አላለችኝም፤ ራሷ ጠጋ ብላ ለሌላ ሴት ቦታ ለቀቀች።

የተቀመጠችው ሴት እንኳየሁ ትባላለች። የደቅ ደሴት ሰው ናት፤ ጌሾ ጎርጎራ አውርዳ ሸጣ ጨውና ሳሙና ይዛ ትመለሳለች። ጀልባዋ ከወደቡ ስትላቀቅ፣ እኔ ምድሩ ጥሎን የሄደ መስሎኝ የእናቴን ቀሚስ ጨበጥኩ። እንኳየሁ ሳቀችና ከጉያዋ ሸንኮራ አውጥታ ሰጠችኝ። እየቆየ ለመድኩት። ውሃው ጠዋት ላይ ዘይት እንደፈሰሰበት ነበር። ትልልቅ ነጭ ወፎች ከፊታችን ሳይበሩ እየዋኙ መንገድ ይለቁልናል። ጥቁር ነገር ብቅ ባለ ቁጥር፣ ያ ነው ወይ የአባዬ ቤት እላለሁ፤ አንዳንዱ ደንጊያ ነው፣ አንዳንዱ የዓሣ አጥማጅ ታንኳ ነው። ደልጊ ላይ ቆመን ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ። በጎቹ ወረዱ፤ ፍራሹ ቀረ። እናቴ ከጎርጎራ ጀምሮ የገዛ እግሯን ስታይ ነበር።

እንኳየሁ ወሬኛ ናት፤ ወሬዋ ግን ክፋት የለበትም። ማንን ልትጠይቁ ነው አለቻት። እናቴ ባሌን ብላ የደሴቱን ስም ነገረቻት። እኔ ያንን ስም እዚህ አልጠራውም።

"መንኩሷል ወይስ ገና ነው?" አለች እንኳየሁ።

"ገና ነው።"

እንኳየሁ ከዚያ በኋላ ብዙ አወራች። ግማሹ አልገባኝም፤ የገባኝን ግማሽ ግን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ሚስት እየጠበቀችው እዚያ የሚገባ ወንድ አይረጋም አለች። እንጨት ሲፈልጥም፣ ቅዳሴ ሲቆምም ዓይኑ ውሃው ላይ ነው፤ ጀልባ ባየ ቁጥር ይወርዳል። አንድ ቀን እንዲያው ሹልክ ብሎ ይሄዳል። ሚስቱ ያገባችበት ሰው ግን ውሃውን አያይም አለች፤ ወዴት ብሎ ነው የሚያየው።

እናቴ ከእግሯ ላይ ዓይኗን አነሳች። "እንዲያ ነው?" አለቻት።

"እንዲያ ነው እቴ። ስንቱን አይተናል።"

እኔ ይህንን ስሰማ ደስ አለኝ። አባዬ ዓይኑ ውሃው ላይ ከሆነ ገና ከሩቅ ያየናል፤ እናቴ አላገባችም፤ ጀልባ ሲያይ ይወርዳል፤ ሹልክ ብሎም ከእኛ ጋር ይመጣል። ሒሳቡ ሁሉ ልክ ነበር።

ያን ዕለት ደቅ ላይ እንኳየሁ ቤት አሳደረችን። በማግሥቱ ጠዋት በአንዲት ትንሽ የሞተር ጀልባ ተሳፈርን። ባለቤቱ ባምላክ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው፤ ለየገዳማቱ ጧፍ፣ ጨውና ዱቄት ያደርሳል። አንዱ ደሴት ላይ ስንቆም አንዲት መነኩሲት ወርዳ ዱቄቷን በጀርባዋ ተሸክማ ሄደች፤ ሌላው ላይ ዓሣ የሚያደርቁ ሰዎች ነበሩ፤ ሌላው ከውሃው ላይ የተቀመጠ የዛፍ ክምር ብቻ ይመስላል፣ በቅጠሉ መሐል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ያበራል። በየደሴቱ ስንጠጋ እነሳለሁ፤ ባምላክ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ያስቀምጠኛል። እንዲህ እያልን ደረስን።

ደሴቱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ከግርጌው ጠፍጣፋ ደንጊያ አለ፤ ጀልባ የሚጠጋው እዚያ ነው፤ ሴት የምትቆመውም እስከዚያ ነው። ከደንጊያው በላይ መንገዱ ዛፍ ውስጥ ይገባል። እናቴና እኔ ደንጊያው ላይ ቆምን። ባምላክ ጧፉን ይዞ ወጣ፤ ሙሉሰውን ሰዎች መጥተውልሃል እለዋለሁ ብሏት ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጣፋች፤ እንደገና ፈታችው፤ እንደገና አጣፋችው።

አባቴ እየሮጠ ነው የወረደው። መጀመሪያ ኮቴውን ሰማን፤ ከዚያ ከዛፎቹ መሐል ወጣ። ከስቷል፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል። በትከሻው ቋጠሮ፣ በእጁ የመንገድ ዱላ ይዟል። ቋጠሮውን ሳይ ገባኝ። ተሰናድቶ ነው የመጣው!

አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን እሱና እኔ አንድ ዓይነት ሰዎች ነበርን። ከዚያ በፊት ለገና እመጣለሁ፣ ከዚህ በላይ አልችልም ብሎ ልኮባት ነበር። ሚስቱና ልጁ ድንገት ደጁ ሲመጡ እርቁ ያለቀ መሰለው። ሊወስዱኝ መጡ ብሎ ያለውን ሁሉ ቋጥሮ ወረደ።

ብድግ አድርጎ አቀፈኝ። ጭስ ጭስ ይሸታል። በእኔና በእሱ መሐል ሽቦ ሳይኖር ሲነካኝ የማስታውሰው የመጀመሪያው ነው። ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ሸጋ ሆነሽ የለም እንዴ፣ ትርንጎዬ" አለኝ። እናቴን ቀና ብሎ አያት። ምን እንዳየ አላውቅም፤ እኔን አወረደኝ። እናቴም ጀልባው ውስጥ ገብተሽ ተቀመጪ አለችኝ።

ገባሁ። ነጠላዬን ከጎኔ አጥፌ ዘረጋሁ።

እነሱ ደንጊያው ጫፍ ላይ ቆመው ተነጋገሩ። ነፋስ ተነስቶ ነበር፤ ማዕበሉ የጀልባውን ሆድ እየመታ ቃላቸውን ይበላብኛል። ሽማግሌዎቹ የሚል ሰማሁ። ደመቀ የሚል ሰማሁ። አባቴ እጁን እያወናጨፈ፣ ወደ ጀልባው፣ ወደ እኔ እያመለከተ ብዙ ተናገረ። እናቴ አዳመጠችው። ከዚያ አንድ አጭር ነገር ተናገረች። እሱ ቋጠሮውን ከትከሻው አወረደው። መሬት ላይ አስቀምጦ እሱም አጠገቡ ተቀመጠ። እናቴ ቆማ ቀረች። ረዥም ጊዜ እንዲያ ሆኑ፤ ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም። በመጨረሻ ተነስቶ፣ "እንግዲያ ልውጣ" ሲል በደንብ ሰማሁት።

ጋቢውን ሰጠችው፤ ተቀበላት። ወደ እኔ መጣና እጁን ራሴ ላይ ጣለ።

"ና ተቀመጥ" አልኩት። "ቦታ ይዤልሃለሁ።"

ነጠላዬን አየ። "እኔ እዚህ ሥራ አለብኝ ልጄ" አለኝ።

ሄደ። ቋጠሮውን በአንድ እጁ፣ ጋቢውን በሌላው ይዞ። አባዬ ብዬ ተጣራሁ፤ ደግሜ ተጣራሁ። አልዞረም። ዛፉ ውስጥ ሲገባ ነጩ ጋቢ ትንሽ ታየ፤ ከዚያ እሱም አልታየም።

ስንመለስ እናቴ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ስታለቅስ ለማልቀስ ተዘጋጅቼ ነበር። አላለቀሰችም። ጸጉሬን ፈታችና እንደገና ሹሩባ ትሠራኝ ጀመር፤ ጀልባው ይነቀንቃታል፤ እሷ ግን መስመሩን ሳታጣምም ትሠራለች። እኔም ለቅሶዬ የት እንደገባ ጠፋኝ። ሆዴ ውስጥ እንደ ቀዝቃዛ ደንጊያ ነገር ተቀመጠ፤ አያምም፣ አይንቀሳቀስም። ደቅ ልንደርስ ስንል ጠየቅኋት።

"አልመጣም አለ?"

"አልመጣም" አለች።

በቃ። በዚያች አንዲት ቃል አባት ነበረኝ ማለቴን ተውኩ።

ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ማውራት አቆምኩ። ለልጆቹ ሐይቅ ጠባቂ ነው ማለቴም ቀረ። ትምህርት ቤት ስገባ የአባት ስም ሲጠየቅ ሙሉሰው እላለሁ፤ የሩቅ አገር ስም እንደምጠራ። ጥቂት ዓመታት አልፈው ደመቀ ለሽማግሌ እሺ አለ፤ ወገኖቻችን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ታረቁ። ለአባቴ ሰው ተላከበት። የተላከው ሰው ብቻውን ተመለሰ። ሙሉሰው መንኩሷል፣ ስሙም አባ ኪዳነወልድ ተብሏል፣ በቁሙ ፍትሐት ተደርሶለታል፣ ለዓለም የሞተ ሰው ወደ ዓለም አይመለስም ብሎኛል አለ። እናቴ መልእክተኛውን አብልታ ሸኘችው። እኔ አዲስ ነገር አልሰማሁም፤ ያኔም አልመጣም ብሎ ነበር።

ተማርኩ፤ መምህርት ሆንኩ፤ ጎንደር አጠገብ ፀዳ ላይ ቤት ሠርቼ እናቴን ከወገራ አወረድኳት። አገባሁ፣ ወለድኩ። በሠርጌ ዕለት ስለ አባቴ የጠየቀ ሰው ነበር፤ የለም አልኩት። ይህን ስል አልተናደድኩም፤ አላዘንኩም። ያ ደንጊያ ለምዶኝ ነበር።

አያ ሰውአገኝ የሞተው አምና ነው። መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ ስለነበር ደርሰን ቀበርነው። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ቀስ ብሎ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አያ ደመቀ ነው። ከእርቁ ወዲህ ክፉም ደግም ሲሆን ይመጣል፤ ግን ብቻችንን አውርተን አናውቅም።

አባትሽ ደህና ነው ወይ አለኝ። አላውቅም አልኩት። ምነው፣ አትጠይቂውም እንዴ አለኝ። ትቶን የሄደ ሰው ነው፣ ምኑን እጠይቀዋለሁ አልኩ። ሽማግሌው ፊቱን ሙሉ ወደ እኔ አዞረ።

"ማነው እንዲያ ያለሽ?"

ማን እንዳለኝ ሳስበው፣ ያለኝ ሰው አልነበረም።

"ያን ዓመት ለገና ይመጣል የሚል ወሬ ደርሶኝ ነበር" አለ፤ ድምፁን ከለቅሶው ሥር ዝቅ አድርጎ። "ሽማግሌዎቹን እምቢ አልኩ። ጠመንጃዬን ወልውዬ የሚመጣበትን መንገድ ይዤ ተቀመጥኩ። አልመጣም። ኋላ ነው የሰማሁት፤ እናትሽ ሄዳ አስቀርታዋለች። ባታስቀረው እሱ አፈር፣ እኔ ወህኒ ነበርን። እኔ ልጆቼን የወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። በእናትሽ ምክንያት ነው የወለድኳቸው ብዬ ነው የማምነው።"

ቆሎ የያዘ ሰሐን ሲዞር ደረሰን። እሱ ዘገነ፤ እኔም ዘገንኩ።

ፀዳ በተመለስን በሳምንቱ እናቴን ጠየቅኋት። ቀን ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ እሷ ምስር ትለቅማለች። አያ ደመቀ የነገረኝን ነገርኳት። እጇ አላቆመም።

"ምን ብለሽ ነው ያስቀረሽው?"

"አግብቻለሁ አልኩት።"

"ማንን?"

"የአዘዞ ሰው ነው አልኩት።" አንድ ጠጠር አወጣች። "ሰውየው የለም።"

እርቁ እምቢ ተብሏል ብሎ እውነቱን መንገር አይበቃም ነበር ወይ አልኳት።

"ያንንማ ነገርኩት። እንዲያም ቢሆን እመጣለሁ አለ። አንድ ቀን ከእናንተ ጋር ልደርና ይግደሉኝ አለ። ያቺን የጌሾ ነጋዴ ታስታውሻለሽ? የእሷ ነገር ትዝ አለኝ። ዋሸሁት።"

"ለእኔስ?"

"ለአንቺ አልዋሸሁም። አልመጣም አልኩሽ፤ እምቢ አለ አላልኩሽም።"

"ስጠላው እያየሽ ዝም አልሽ።"

እጇ ያኔ ቆመ። "የጠሉት ሰው አይናፍቅም" አለች። "ከሁለታችን አንዳችን እንኳ አርፈን እንደር ብዬ ነው።"

ቀጥሎ የሆነውን ሰዎች ሲጠይቁኝ፣ አለቀስሽ ወይ፣ ተጣላሻት ወይ ይሉኛል። አልሆነም። ምስሩን አብሬያት ለቀምኩ። ለቅሞ መጨረሱ ይሻል ነበር።

ጥር ላይ ብቻዬን ወረድኩ። እናቴ ወዴት እንደምሄድ ታውቃለች፤ አልከለከለችኝም፤ የምትልከው መልእክትም አልነበራትም። ጎርጎራ ላይ የማውቃት ትልቅ ጀልባ አልነበረችም፤ በሞተር ጀልባ ከነጋዴዎች ጋር ደቅ ገባሁ፤ በሌላ ጀልባ ደሴቱ ደረስኩ። ውሃው ያው ነው፤ ወፎቹም። እኔ ግን በየደሴቱ ስንጠጋ አልተነሳሁም።

ጠፍጣፋው ደንጊያ ላይ ቆሜ ላክሁበት። ቀስ እያለ ወረደ። ሽማግሌ ሆኗል፤ ወይባ ልብሱ ገርጥቷል፤ መቋሚያውን ተደግፎ ደረጃውን አንድ ባንድ ይወርዳል። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ባረከኝ። ማን ነሽ እንዳይለኝ ፈርቼ ስሜን ነገርኩት።

"አውቄሻለሁ" አለኝ። "እናትሽን መስለሻል።"

ተቀመጥን። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፤ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፤ ስለ መንገዱ፣ ሰላም ስለመሆኑ ጠየቀኝ። የአያ ሰውአገኝን ሞት ሲሰማ አማተበ። እኔ አንቱ እያልኩ እመልስለታለሁ፤ አባት ሳይሆን ገዳም ሲሳለሙ የሚያገኙት መነኩሴ ነው የማነጋግረው። ከዚያ የመጣሁበትን ተናገርኩ። ያን ጊዜ እናቴ አግብቻለሁ ያለችዎ ውሸት ነው፤ ከዚያ ወዲህም አላገባችም፤ ማወቅ አለብዎ ብዬ ነው የመጣሁት አልኩት።

አባቴ ውሃውን እያየ ቆየ።

"አውቅ ነበር" አለኝ።

"መቼ ነው ያወቁት?"

"እንዳለችኝ። እውነቷንና ውሸቷን የማልለይ ይመስልሻል?"

ታዲያ ለምን አልመጡም ብዬ ስጠይቀው ድምፄ እንደ መምህርት ድምፅ ነበር፤ የቤት ሥራ ለምን አልሠራህም እንደምል።

"ፈርቼ" አለኝ። "ለነፍሴ ብዬ ነው ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ሞት ፈርቼ ነው። አንድ ቀን ልደርና ይግደሉኝ ብዬ ስፎክር ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናትሽ አየችው። መውጫ ሰጠችኝ፤ ይዤው ወጣሁ። ስትጠሪኝ ሰምቼሻለሁ። ብዞር ኖሮ እወርድ ነበር።"

በዚያ ደንጊያ ላይ በዚያ ቀን ሦስት ሰዎች ነበርን። እሷ ዋሸች፤ እሱ መዋሸቷን አወቀ። ያመንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ሳስብ አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱም እያየኝ የጠበቀ ይመስለኛል። ማዕበሉ ደንጊያውን ይመታል፤ ባለጀልባው ነፋስ ሳይነሳ እንሂድ ብሎ ተጣራ። ተነሳሁ። እጁን ራሴ ላይ አደረገ፤ ከባድ ደረቅ እጅ ነው። ጀልባው ሲርቅ ዞሬ አየሁት። ደንጊያው ላይ ቆሞ ነበር፤ ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሞ ነበር።

ፀዳ ስደርስ እናቴ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታለች። ቦርሳዬን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ደህና ነው ወይ አለች። ደህና ነው፣ አርጅቷል አልኳት። ከዚያ ልንገራት ወይስ ልተወው እያልኩ ትንሽ አመነታሁ። ስለ ጉልበቱ አልነገርኳትም፤ እሷ ከእኔ በፊት አይታዋለች። ሌላውን ግን ነገርኳት።

"ውሸቱን ያን ጊዜውኑ አውቆት ነበር።"

እናቴ ፀሐይዋ ከእግሯ ላይ እየሸሸች ስለነበር ወንበሯን ሳብ አደረገች። ተመቻቸች።

"እንዴት አያውቅም" አለችኝ። "ባሌ እኮ ነው።"